የጋራ ፕሮፖዛል ውይይት፦ ተክሉ ተራበ ወይስ ተጠማ?

አስተባባሪ
ሰላም ለሁላችሁ። የረቂቁ የመጀመሪያ ቅጂ ደርሷችኋል። መነሻው ረቂቁን ያዘጋጁት ዶክተር ለዓመታት የሠሩበት ጉዳይ ነው፤ ተክል በድርቅ፣ በጨውና በመሳሰለው ሲጨናነቅ አመጋገቡ ምን ይሆናል የሚለው። አሁን ከአንድ ሰው ጥናት ወጥቶ የማኅበሩ የጋራ ሥራ እንዲሆን ነው ሐሳቡ። ስድስት ላቦች እንሳተፋለን ብለዋል። ምስጋናውን ለኋላ እንተወውና ጉድለቱን እንነጋገር።

ረቂቅ አዘጋጇ
እንደምታዩት ረቂቁ ሰፊ ነው። ድርቅ አለ፣ ጨዋማነት አለ፣ ሙቀት አለ፣ ውሃ የተኛበት አፈርም አለ። በእነዚህ ላይ ፖታሲየም፣ ዚንክና ሲሊከን። የቱን ይዤ የቱን እንደምተው ስለቸገረኝ ሁሉንም አስገባሁ።

ሁሉም ግን ምክንያት አለው። ፖታሲየምና ዚንክ ወደ ሥር የሚደርሱት በአብዛኛው በዲፊውዥን ነው፤ ብዙ ካለበት ጥቂት ወዳለበት፣ በአፈሩ ውስጥ ባለው ቀጭን የውሃ ሽፋን ቀስ እያሉ። አፈር ሲደርቅ ይህ መንገድ ይጠባል፣ ይጠማዘዛልም። ጨው ሲበዛ ሶዲየም የፖታሲየምን መግቢያ ይሻማል። ውሃ ሲተኛ ኦክስጅን ያልቃል፤ ማንጋኒዝና ብረት እየሟሙ ይበዛሉ፣ ናይትሬት ደግሞ ጋዝ ሆኖ ይጠፋል። ሁሉንም የሚያገናኘው አንድ ሐሳብ ነው፦ ጫና የተክሉን የምግብ ፍላጎት ይለውጣል።

የላብ ኃላፊ
ዶክተር፣ ሐሳቡ ቆንጆ ነው። እኔ ግን ካልኩሌተር ይዤ ነው ያነበብኩት። አራት ጫና፣ አንድ ያለ ጫና፤ አምስት። ሦስት ንጥረ ነገር፣ አራት መጠን፣ አራት ድግግሞሽ፤ 240 ፖት፣ ማለትም ተክሉ የሚበቅልበት ዕቃ። ሁለት ሰብል ሲሆን 480። ቅጠል፣ ግንድና ሥር ለየብቻ ሲፈጩ 1,440 ናሙና። ይህ እንግዲህ በአንድ ላብ ብቻ ነው። ሥርን ከአፈር አጥቦ መለየት ምን እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል። ጥቂት ፖት አጥበህ ቀና ስትል መሽቷል። እኔ በዚህ አልፈርምም።

ጡረተኛው
የላቧ ልጅ እውነቷን ነው። እኔን ግን ከብዛቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው።

ልጄ፣ እስቲ ይህን አስቢው። ፖታሲየም ያነሰው አፈር ትወስጃለሽ። ለግማሹ ፖት ፖታሲየም ትጨምሪያለሽ። ከዚያ ውሃ ትከለክያለሽ። ፖታሲየም ያገኘው ተሽሎ ይገኛል። እኛም «ፖታሲየም ድርቅን ያስችላል» ብለን እንጽፋለን። ውሃ ባይከለከልስ? ያኔም ይሻለው ነበር። ያነሰው ንጥረ ነገር ዕድገትን እንደሚወስን ሽፕሬንግል በ1828 ጽፎታል፣ ሊቢግ ደግሞ አስፋፍቶታል። የራበውን አብልተን ከጥም አዳንነው ማለት ነው እኮ! በዚህ ዘርፍ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስገመግም ነው የኖርኩት፤ አንዳንዱን የጻፍኩትም እኔው ነኝ።

የእኛ ጥያቄ ሌላ መሆን አለበት። ጠግቦ የነበረ ተክል ድርቅ ሲመጣበት ተጨማሪ ፖታሲየም ይፈልጋል ወይ? ይህን በሁለት መጠን መመለስ አይቻልም። ፖታሲየሙ ሲጨመር ዕድገቱ ምን ያህል እንደሚሆን የሚያሳይ፣ ከረሃብ ጀምሮ ከጥጋብ እስኪያልፍ የሚሄድ የምላሽ መስመር ያስፈልጋል፤ አንዱ በውሃ፣ አንዱ በድርቅ። መስመሩ የሚረጋበት ቦታ በድርቅ ጊዜ ወደ ቀኝ ከሄደ ፍላጎቱ ጨምሯል። ካልሄደ ረሃብ ነው ያስታገስነው።

ረቂቅ አዘጋጇ
ጋሼ፣ ነካኩኝ። የእኔም የቀድሞ ሙከራዎች ባለ ሁለት መጠን ናቸው፤ «ያለ» እና «የሌለ»። ማምለጫ የለኝም።

ፍላጎቱ ይጨምራል የምልበት ምክንያት ግን ከሜዳ የተነሣ አይደለም። የቅጠል ቀዳዳዎችን የሚከፍቱና የሚዘጉት ሴሎች የሚሠሩት በዋናነት ፖታሲየም እያስገቡና እያስወጡ ነው። በድርቅ ቀዳዳው ሲዘጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያንሳል፤ ብርሃኑ ግን መውረዱን አያቆምም። ትርፉ ጉልበት ወደ ኦክስጅን ይሄድና ሴል የሚጎዱ ውህዶች ይፈጠራሉ። ፖታሲየም ያነሰው ተክል ላይ ይህ ጉዳት ይብሳል። ስለዚህ በአንድ ግራም ቅጠል ሲታይ ፍላጎቱ ይጨምራል ብዬ አምናለሁ።

ተቃራኒውንም ልናገር፤ በድርቅ የቀጨጨ ተክል በድምሩ የሚፈልገው ፖታሲየም ትንሽ ነው። ሁለቱ እየተሳሳቡ መስመሩ ጭራሽ ንቅንቅ ላይል ይችላል።

ጡረተኛው
አሁን ፕሮፖዛል ሆነ። መልሱን አስቀድመን ካወቅነው ምን ያስጠናናል?

የፊዚዮሎጂው ሰው
እስማማለሁ፤ በድርቅና በፖታሲየም እንጀምር። ስለ ሲሊከን ግን አንድ ነገር ልበል። በአርኖንና ስታውት የ1939 መስፈርት አንድ ንጥረ ነገር «አስፈላጊ» የሚባለው ተክሉ ያለ እሱ የሕይወት ዑደቱን መጨረስ ካቃተው ነው። ሲሊከን ለአብዛኛው ተክል እዚያ ውስጥ አይገባም። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ጫና ሲመጣ ነው። እንግዲህ ጋሼ የሚሉት የረሃብ ጉዳይ የማይነካው ንጥረ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ለሁለተኛው ዙር ይቀመጥልኝ፣ እንዳይረሳ።

ወደ ውሃው ልመለስ። «ውሃ መከልከል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ጣጣው አደራረጉ ላይ ነው። በደንብ የበላ ተክል ትልልቅ ቅጠል ያወጣል፣ ትልቅ ቅጠል ደግሞ ብዙ ይጠጣል። ለሁሉም ፖት እኩል ውሃ ከሰጠን፣ የጠገበው ቶሎ ይጨርሰውና ከተራበው የባሰ ድርቅ ይመታዋል። ሁሉንም እየመዘንን እኩል እርጥበት ላይ ከያዝን ደግሞ የጠገበው በድምሩ ብዙ ውሃ ያገኛል። ከሁለቱም አድልዎ አይጠፋም። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ሥሩ የሚያየው የአፈሩን እርጥበት ነውና። ግን ለእያንዳንዱ ፖት የተሰጠው ውሃ በየቀኑ ይመዝገብ።

ሌላ፦ «40 በመቶ እርጥበት» የሚለውን ከረቂቁ አውጡልኝ። በአሸዋማና በሸክላማ አፈር 40 በመቶ አንድ ነገር አይደለም። በውሃ ፖቴንሻል እንጻፈው፤ አፈሩ ውሃውን ምን ያህል አጥብቆ እንደያዘ የሚለካ ነው፣ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ ቁጥር ተክሉ ውሃ ለመሳብ ይቸገራል። የመስክ ውሃ የመያዝ አቅም በተለምዶ −33 ኪሎፓስካል፣ የመጠውለግ ነጥብ −1,500 ኪሎፓስካል ነው። በዚህ መሃል የት እንደምንቆም ስድስቱም ላቦች አንድ ቁጥር ይያዙ።

የፖቱም መጠን ይታይ። ተማሪ ሳለሁ በሁለት ሊትር ፖት የድርቅ ሙከራ ሠራሁ። ውሃ ባቆምኩ በሁለተኛው ቀን ሁሉም ጠወለገ። በመስክ ድርቅ እንዲህ አይመጣም፤ ቀስ እያለ ነው፣ ተክሉም እየተዘጋጀ ይጠብቀዋል። ስለ ድርቅ ላጠና ገብቼ ስለ ፖት አጥንቼ ወጣሁ። በ2012 ፑርተርና ባልደረቦቹ በፖት መጠን ላይ የተሠሩ ሙከራዎችን ሰብስበው ሲያዩ፣ የተክሉ ደረቅ ክብደት በአንድ ሊትር አፈር ከ1 ግራም ባይበልጥ ይሻላል ብለዋል። 10 ግራም ላይ የምናጭድ ከሆነ ፖቱ 10 ሊትር ይሁን።

የስታቲስቲክስ ባለሙያ
አጭር ነገር ግን ወሳኝ። እንበልና ያለ ድርቅ ፖታሲየም ተክሉን ከ10 ግራም ወደ 20 አሳደገው። በድርቅ ከ4 ወደ 8። ጥቅሙ ተለያየ ወይስ አልተለያየም? በግራም ካየነው 10 እና 4 ነው፤ ተለያይቷል። በእጥፍ ካየነው ሁለቱም ሁለት እጥፍ ነው፤ አልተለያየም። አንድ ዳታ፣ ሁለት ተቃራኒ መደምደሚያ። በየትኛው እንደምንለካ ዳታው ከመምጣቱ በፊት በጽሑፍ እንወስን። ከመጣ በኋላማ ሁሉም የሚጥመውን ይመርጣል። የእኔ ሐሳብ በሎጋሪዝም መሥራት፣ ማለትም በእጥፍ ማየት ነው።

ድግግሞሹ አምስት፣ የፖታሲየም መጠኑም አምስት ይሁን። ከአምስቱ ሁለቱ ከጥጋብ በላይ ካልሆኑ መስመሩ የሚረጋበት ቦታ አይገኝም።

ወጣቷ ተመራማሪ
ይቅርታ፣ ጥያቄዬ ቀላል ይሆናል። ረቂቁ ላይ የፖታሲየሙ ምንጭ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። በአንድ ኪሎ አፈር 100 ሚሊግራም ፖታሲየም ስንጨምር 91 ሚሊግራም ያህል ክሎራይድ አብሮ ይገባል። በፖታሲየም ሰልፌት ብንቀይረው 41 ሚሊግራም ሰልፈር ይመጣል። በናይትሬት ከሆነ 36 ሚሊግራም ናይትሮጅን። ታዲያ ተክሉ የተሻለው በፖታሲየሙ ነው ወይስ አብሮት በመጣው?

ጡረተኛው
እንኳን ጠየቅሽ! ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ብቻዋን የምትመጣ ጨው የለችም።

እንዲያውም በድርቅ ጊዜ ይብሳል። የአፈሩ ውሃ በግማሽ ሲቀንስ በውሃው የሟሟው ጨው መጠን ወደ እጥፍ ይጠጋል። ብዙ ፖታሲየም ክሎራይድ ያገኘው ፖት በድርቅ ላይ ጨውም ተደርቦበታል ማለት ነው። ከዚያ «ፖታሲየም ሲበዛ በድርቅ ይጎዳል» የሚል ውጤት ብናገኝ ጥፋቱ የክሎራይዱ ሊሆን ይችላል።

ረቂቅ አዘጋጇ
ሰልፌቱን በማነጻጸሪያው ፖት ላይ በጂፕሰም (በካልሲየም ሰልፌት) ብናካክስስ?

ጡረተኛው
ጂፕሰም ካልሲየም ያመጣል። ካልሲየም የሥርን ሽፋን ያጠነክራል፣ ፖታሲየምን መርጦ ማስገባትንም ይረዳል። ከዝናብ ሸሽቶ ጎርፍ ውስጥ መግባት ነው። በማግኒዥየም ሰልፌት ካደረግሽው ደግሞ ማግኒዥየም ራሱ ከፖታሲየም ጋር ይሻማል።

የፊዚዮሎጂው ሰው
ሁሉንም ለማካካስ ከመሮጥ፣ ሁለት ምንጭ እናወዳድር። ዋናው መስመር በፖታሲየም ሰልፌት ይሠራ፤ ሰልፈር ለሁሉም ፖት መጀመሪያውኑ በበቂ ይሰጥ። ከላይኛው መጠን ላይ ብቻ አንድ ተጨማሪ ቡድን በክሎራይድ ይጨመር። ሁለቱ ተመሳሳይ ከሆኑ ጉዳዩ የፖታሲየም ነው። ከተለያዩ አብሮ የመጣውን እንጠይቃለን።

ጡረተኛው
ይሄ ያስማማል። አንድ ነገር ብቻ፦ አንዳንድ የሸክላ ማዕድናት አፈሩ ሲረጥብና ሲደርቅ ፖታሲየምን በንብርብራቸው መሃል ይቆልፉታል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ይለቁታል። ድርቁ ተክሉን ብቻ አይነካም፣ ማዳበሪያውንም ይነካዋል። ስለዚህ ከአጨዳ በኋላም አፈሩ ይለካ። በመጀመሪያ ለክቶ መተው አይበቃም።

የላብ ኃላፊ
ልኬቱን በተመለከተ፦ የአፈሩ ፖታሲየም በ1 ሞላር አሞኒየም አሴቴት፣ ፒኤች 7፣ ታጥቦ ይውጣ፤ ንባቡ በፍሌም ፎቶሜትር፣ ማለትም ፖታሲየምን በነበልባል ብርሃን በሚለካው መሣሪያ። ሁሉም ላብ አለው፣ ክርክር አያስፈልገውም። አንድ የተፈጨ የቅጠል ናሙና ለስድስቱም እልካለሁ፤ ምን ያህል ፖታሲየም እንዳለው ሳልነግራችሁ። ውጤቱ የተራራቀ ላብ ችግሩን እስኪያገኝ ድረስ ዋናውን ናሙና አይነካም። ለማንም አላደላም፣ ለራሴም ጭምር። አፈር ግን ከላብ ላብ አይላክ፤ በሽታና አረም ይዞ ይሄዳል። ሁሉም በአካባቢው ያለውን ይጠቀም።

ሌላው፣ በረቂቁ «የቅጠል ፖታሲየም በመቶኛ» የሚለው ብቻውን ያሳስታል። የቀጨጨ ተክል ትንሹን ፖታሲየም በትንሽ አካል ስለሚይዘው መቶኛው ከፍ ብሎ ይታያል። የበለጠ ያገኘ ይመስላል፣ ግን አላገኘም። መቶኛው በደረቅ ክብደቱ እየተባዛ ጠቅላላው ይቅረብ።

አስተባባሪ
ካልተሳሳትኩ የተስማማነው ይህ ነው። የዓላማውን አንቀጽ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

«ይህ ጥናት የውሃ እጥረት የተክልን የፖታሲየም ፍላጎት ይለውጥ እንደሆነ ይመረምራል። በሁለት የአፈር እርጥበት ደረጃና በአምስት የፖታሲየም መጠን የምላሽ መስመር ይሠራል፤ መስመሩ የሚረጋበት ነጥብ በሁለቱ እርጥበቶች ይነጻጸራል። ነጥቡ ካልተንቀሳቀሰ፣ የፖታሲየም ጥቅም እጥረትን ከማስወገድ የዘለለ እንዳልሆነ በግልጽ ይጻፋል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሆን ብዬ ነው የጨመርኳት። ዶክተር፣ ቅር ካሰኘዎት ይንገሩኝ።

ቁጥሩ፦ ሁለት እርጥበት፣ አምስት መጠን፣ ሁለት ሰብል፣ አምስት ድግግሞሽ፤ 100 ፖት። የክሎራይዱ ቡድን 20። በድምሩ 120። ግንድና ቅጠል አንድ ላይ፣ ሥር ለብቻው፤ 240 ናሙና በአንድ ላብ። ሰብሎቹ ስንዴና ቦሎቄ። ጨዋማነት፣ ሙቀት፣ የተኛ ውሃ፣ ዚንክና ሲሊከን ለቀጣዩ ዙር ይቆዩ።

ረቂቅ አዘጋጇ
ዓረፍተ ነገሯ ትቆይ። እንዲያውም ወደ ላይ ትውጣ፤ ገምጋሚዎች ገና ሳይደክማቸው ያንብቧት። ጨዋማነት በመውጣቱ ትንሽ ቢከፋኝም ገብቶኛል። ስንዴ የአፈሩ ጨዋማነት 6 ዴሲሲመንስ በሜትር እስኪደርስ ምርቱ ሳይቀንስ ይቆያል፤ ቦሎቄ 1 ላይ መውረድ ይጀምራል። ለሁለቱ አንድ የጨው መጠን መምረጥ በራሱ ሌላ ፕሮፖዛል ነው።

የላብ ኃላፊ
240 ከሆነ እፈርማለሁ። ሥር ማጠቡን ግን ሁላችሁም ተራ ትይዛላችሁ፣ ጋሼም ጭምር።

ጡረተኛው
ወገቤን እንጂ እጄን አትጠራጠሪ። ወንበር አዘጋጁልኝ።

ወጣቷ ተመራማሪ
አንድ ነገር ብቻ። 10 ሊትር ደረቅ አፈር 12 ኪሎ ገደማ ነው። ውሃና ፖቱ ሲጨመር ከ15 ኪሎ ያልፋል። የእኛ ላብ ሚዛን 15 ላይ ያቆማል። የእናንተስ?