የቆሽት ብግነት፦ የደም ምርመራው ደህና ሆኖ ሕመሙ ለምን አይለቅም?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ 44 ዓመቱ ነው። ምግብ ከበላ በኋላ ከእንብርቱ በላይ ያመዋል፣ ሕመሙ እስከ ጀርባው ይዘልቃል፤ ከስቷልም። በሲቲ ስካን ቆሽቱ ላይ ካልሲየም ታይቶ ሥር የሰደደ ብግነት ነው ተባለ። በደም የሚለኩት የቆሽት ኢንዛይሞች (ምግብ የሚፈጩ ንጥረ ነገሮች)፣ ላይፔዝና አሚሌዝ፣ ግን ደህና ናቸው። እንዴት ይሆናል? ባለ 25,000 ዩኒት የኢንዛይም ካፕሱል ጠዋት በባዶ ሆዱ አንድ ይወስዳል፤ ሰገራው አሁንም ቅባት አለው፣ ውሃ ሲለቀቅበት ይንሳፈፋል።

ላብራቶሪ፦ ድንገተኛ ብግነት ላይ የተጎዱት ሴሎች ኢንዛይሙን ወደ ደም ስለሚለቁት ቁጥሩ ይወጣል። በቆየው ግን አምራቾቹ ሴሎች ራሳቸው ጠባሳ ሆነዋል፤ ስለዚህ ምንም ላይጨምር ይችላል። የሚጠቅመው የሰገራ ኢላስቴዝ (ሌላው የቆሽት ኢንዛይም) ምርመራ ነው፤ በግራም ከ200 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ቆሽቱ በቂ ኢንዛይም እንደማያመርት ይጠቁማል። ቫይታሚን ዲም ይታይለት፤ ቅባት ካልተፈጨ ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ አብረው ይወጣሉ።

ፋርማሲስት ከቸርችል ጎዳና፦ እህቴ፣ በባዶ ሆድ የተወሰደ ካፕሱል ከንቱ ነው። ሥራው ከምግቡ ጋር ተቀላቅሎ መውረድ ነው። ለአዋቂ የተለመደው መነሻ ለዋና ምግብ ከ40,000 እስከ 50,000 ዩኒት፣ ለመክሰስ ግማሹ ነው፤ ማለትም ለምሳ ሁለት ካፕሱል። አንዱን በመጀመሪያው ጉርሻ፣ ሌላውን መሐል ላይ ይዋጥ። አይታኘክ፤ በቀዝቃዛ ውሃ እንጂ በትኩስ ሻይ ወይም ቡና አይወሰድ፣ ሙቀት ያበላሸዋል። ፒያሳ ማኪያቶ በኬክ ቢቀምስ እንኳ ወተቱና ኬኩ ቅባት አላቸውና አንድ ያስፈልገዋል። በትክክል ወስዶም ካልተሻለው ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል ወይም አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ያክልበታል፤ የጨጓራ አሲድ ኢንዛይሙን ይገድለዋልና።

አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ይወቅ፦ መድኃኒቱ የሚሠራው ከአሳማ ቆሽት ነው። ይህን ኋላ ሰምቶ በድብቅ ከሚያቋርጠው፣ ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር በግልጽ ቢነጋገርበት ይሻላል።

ነርስ፦ መጠጥና ሲጋራ ሁለቱም ይቁሙ። አረቄ ተወ ማለት ጠላና ጠጅ ይቻላል ማለት አይደለም። ሲጋራ ብቻውን ብግነቱን ያባብሳል፤ ብዙ ሰው ይህን አያምንም። ቅባት ጨርሶ አትከልክሉት፣ ይበልጥ ይከሳል፤ ይልቅ ጥቂት ጥቂት በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይብላ። በጾም እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ ባንዴ አብዝቶ መብላት ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ትውከቱ ካላቆመ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ስኳሩም በየዓመቱ ይለካ። ኢንሱሊን ከጀመረ ደግሞ ስኳሩ ድንገት እንዳይወርድ በጣም ተጠንቀቁ፤ የወረደውን ስኳር የሚያነሣው ግሉካጎንም የሚመረተው እዚያው በተጎዳው ቆሽት ውስጥ ነው።