እህቴ ከወለደች በኋላ ሳትመታ ሰውነቷ ይበልዛል፤ ምን ይሻላል?

ጠያቂ (ፍኖተ ሰላም)፦ ሰላም ለዚህ ቤት። እህቴ በሰላም ተገላግላለች፤ ልጁም ክርስትና ተነስቷል። አሁን ግን ሳትመታ ሰውነቷ ይበልዛል። ጭኗ ላይ መዳፍ የሚያክል ጥቁር ወጥቷል። መርፌ የተወጋችበት ቦታም አብጧል። የማኅፀን ደሟ ቆመ ስንል ይመለሳል። ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ተሠርቶ ፕላትሌቷ (ደም እንዲረጋ የሚረዳው ሴል) ደህና ነው አሉን። እናቴ «ቡዳ ነው» ብላ ጸበል ልትወስዳት ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦ አይዞህ ወንድሜ፣ እኔም ደሜ ቆይቶብኝ ነበር። አጥሚት በደንብ አጠጧት።

የላብራቶሪ ባለሙያ (ደብረ ማርቆስ)፦ ይሄ እንኳ በአጥሚት የሚያልፍ አይመስልም። ፕላትሌት ደህና ሆኖም ደም ላይረጋ ይችላል። ፒቲ እና ፒቲቲ የሚባሉትን፣ ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለኩ ምርመራዎች አሠሩላት። ፒቲው ደህና ሆኖ ፒቲቲው ብቻ ከረዘመ፣ ፕላዝማዋን (የደሟን ፈሳሽ ክፍል) ከጤነኛ ሰው ፕላዝማ ጋር ቀላቅሎ መድገም ነው። ያኔም ካልተስተካከለ «አኳየርድ ሄሞፊሊያ» (ሳይወረስ በኋላ የሚመጣ የደም አለመርጋት ሕመም) ይጠረጠራል። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሮቲን፣ የፋክተር 8 ልኬት ይለየዋል።

ጠያቂ፦ ሄሞፊሊያ የወንዶች አይደል እንዴ? በዘራችንም የለም።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ እሱ የሚወረሰው ነው። በዚህኛው ግን ሰውነት ፋክተር 8ን እንደ ጠላት ቆጥሮ፣ ፀረ እንግዳ አካል ሠርቶ ያጠቃዋል። በዓመት ከሚሊዮን ሰው አንድ ቢገኝ ነው። ከወሊድ ጋር ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ከወለዱ በኋላ በ1 እና በ4 ወር መካከል ይታያል። ስለዚህ ብዙ ሰው ከወሊዱ ጋር አያገናኘውም።

ሲስተር (ባሕር ዳር)፦ ጸበሉ ይደርሳል፤ ምርመራው ይቅደም። እስኪታወቅ ድረስ ሥጋ ላይ መርፌ አትወጋ። ዲክሎፌናክ፣ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን አይሰጣት፤ ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል። ማኅፀን እንጥረግ ካሉም መጀመሪያ ስለ ደም መርጋቷ ንገሯቸው። የጤና መድን ካላችሁ ሪፈር አጽፉ። ደሙ ከበዛ፣ ካዞራት ወይም ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ግን ወረቀት ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።

የቡሬው፦ ባለቤቴ ይሄው ነበረባት። ፕላዝማ ቢሰጣትም ፀረ እንግዳ አካሉ እየበላው ብዙም አልረዳም። ደሙን ወዲያው የሚያቆመው መድኃኒት ውድ ነው፤ እንደ ልብም አይገኝም። ፀረ እንግዳ አካሉን ያጠፋላት ፕሬድኒሶሎን (የሰውነትን መከላከያ የሚያረግብ መድኃኒት) ነው። ስኳሯን ከፍ አደረገው፣ ፊቷም አበጠ፤ ዳነች ግን። ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባለው ሌላ መከላከያ የሚያረግብ መድኃኒት ከታዘዘ ጡት ማጥባት ስለማይቻል የልጁን ወተት አስቡበት። ደም የሚሰጥ ዘመድም ይዘህ ሂድ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ፒቲቲ እዚህ አይሠራም ብለው ሪፈር ጽፈውልናል። ማታውን ባሕር ዳር እንገባለን። ደሟ ኦ ፖዘቲቭ ነው፤ እዚያ ያላችሁ ልትሰጡ የምትችሉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።