የሰፈራችንን ረግረግ በተክል ማጽዳት ይቻላል? እንቦጭስ ይሆናል?

ጥያቄ (ሰላም)፦
ጤና ይስጥልኝ። ሰፈራችን ውስጥ ሁለት የኳስ ሜዳ የሚያክል ረግረግ አለ። በአንድ በኩል ቦይ ይገባበታል። የልብስ እጣቢ፣ የመጸዳጃ ፍሳሽ፣ አንዳንዴም ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ይዞ ይመጣል። ውሃው ጠቁሯል፤ ፀሐይ ሲበረታ ሽታው አያስቀምጥም። የተወሰንን የሰፈር ልጆች ተክል ተክለን ልናጸዳው አስበናል። አንዱ ጓደኛችን «እንቦጭ ቶሎ ይባዛል፣ ቆሻሻውንም ይመጥጠዋል» ይላል። ምን እንትከል? ከየት እንጀምር? የምታውቁ እባካችሁ እርዱን።

መልስ (ውሃ ወዳጅ)፦
ሰላምዬ፣ እንቦጩን ተዉት። ቆሻሻ መምጠጡ እውነት ነው። ናሳ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሚሲሲፒ ውስጥ ፍሳሽ ለማጣራት ተጠቅሞበታል። ያ ግን በየጊዜው የሚታጨድ፣ የተከለለ ኩሬ ነው። ክፍት ረግረግ ላይ ሲለቀቅ በሞቃት ውሃ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ውሃውን ይሸፍናል፣ ብርሃን ይከለክላል፣ ዓሣው አየር ያጥረዋል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ነቅላችሁም አትገላገሉትም። ከድጡ ወደ ማጡ ነው የሚሆንባችሁ። በአካባቢያችሁ ራሱ የሚበቅለውን ፈልጉ፤ ፊላ፣ ሸምበቆ፣ ደንገል፣ ቄጠማ።

መልስ (ሥሩን እዩ)፦
በእንቦጩ ጉዳይ እኔም እስማማለሁ። ብዙ ሰው ግን ተክሉ ብቻውን ቆሻሻውን ጠጥቶ የሚጨርስ ይመስለዋል። ትልቁ ሥራ ያለው ሥሩ ጋ ነው። የፊላ ቅጠል ከታች በቢላ ቁረጡና እዩት። ውስጡ እንደ ስፖንጅ ክፍትፍት ያለ ነው። በዚያ በኩል አየር ወደ ሥሩ ይወርዳል። ሥሩን ከጥቁሩ ጭቃ አውጥታችሁ ቀስ ብላችሁ ስታለቀልቁት ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ የዝገት ቀለም ታያላችሁ። ከሥሩ ያመለጠው ኦክስጅን ጭቃው ውስጥ ያለውን ብረት አዝጎት ነው።

ባክቴሪያዎቹ እዚያ ሥር ላይ ተለጥፈው ይኖራሉ። የሚበሰብሰውን ቆሻሻ የሚያፈርሱት እነሱ ናቸው። አየር ያለበት ቦታ ያሉት ከፍሳሹ የሚመጣውን አሞኒያ (የናይትሮጅን ውህድ ነው) ናይትሬት ያደርጉታል። ትንሽ ራቅ ብሎ፣ አየር በሌለበት ያሉት ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጡትና ወደ ሰማይ ይሄዳል። ለዚህ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። ውሃው በሰዓታት ውስጥ ሰንጥቆ የሚወጣ ከሆነ ምንም ብትተክሉ ዋጋ የለውም። በዝቅተኛ እርከን እያጠማዘዛችሁ ለጥቂት ቀናት እንዲቆይ አድርጉት።

መልስ (ባለቦቲው)፦
እኔ ወደ ሥራው ልግባ። ቦዩ መግቢያ ላይ የብረት ፍርግርግ አድርጉ፤ ፕላስቲኩን ይያዝላችሁ። ቀጥላችሁ ጠለቅ ያለ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ደለሉ እዚያ ይቅር። በየጊዜው መጥረግ አለባችሁ።

ዘይቱን ግን ለተክል አትተዉት። ጋራዡን ሄዳችሁ አናግሩ፣ በበርሜል ያጠራቅሙ። ይሄ ሳይሆን መትከል ድካም ብቻ ነው።

ፊላና ሸምበቆውን ከ10 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ትከሉ። ቡቃያ ያለውን የሥር ግንድ ቆርጣችሁ በካሬ ሜትር 4 ያህል ይበቃል። ራሱ ይዛመታል። መጀመሪያ ላይ ውሃው ጫፉን ከዋጠው ይታፈናል፤ እሱን ተጠንቀቁ። ጠለቅ ባለው ቦታ ከቀርከሃና ከመረብ ተንሳፋፊ አልጋ ሠርታችሁ ደንገል ወይም ቬቲቨር ሣር ብትተክሉበት ሥሩ ውሃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ይሠራል። ቦቲና ጓንት ሳታደርጉ ማንም እንዳይገባ። የመጸዳጃ ፍሳሽ ነው።

ሰላም፦
እግዜር ይስጥልን። የታጨደውን ለከብት ስጡን የሚሉ አሉ፣ ይቻላል? ውሃውስ በኋላ አትክልት ለማጠጣት ይሆናል?

መልስ (ሥሩን እዩ)፦
ማጨዱ ግዴታ ነው። ፍሳሹ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ እንደ ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ አይሄድም። ተክሉ እዚያው ሞቶ ከበሰበሰ የወሰደውን መልሶ ውሃው ውስጥ ይጥለዋል። ገና አረንጓዴ ሳለ እጨዱት፤ ሲደርቅ ምግቡን ወደ ሥሩ ይመልሳል። ከውሃው ወለል በላይ ቁረጡ፤ ፊላ ከውሃ በታች ከተቆረጠ አየር አጥቶ ይሞታል።

ለከብት ግን እሺ እንዳትሉ። የጋራዥ ፍሳሽ እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ መርዛማ ብረቶች ሊኖሩበት ይችላሉ። አብዛኛው ሥሩ ላይ ቢቀርም ወደ ቅጠል የሚወጣ አለ። ላቦራቶሪ ሳይመረመር መኖም ኮምፖስትም አይሁን።

መልስ (ውሃ ወዳጅ)፦
አትክልቱንም ተዉት፣ በተለይ ጥሬውን የሚበላውን። ውሃው ጠርቶ ቢታይም ጀርምና የትላትል እንቁላል ሊቀርበት ይችላል።

ደግሞ ሳትተክሉ በፊት ናሙና ውሰዱ፤ አንዱን ከመግቢያው፣ አንዱን ከመውጫው፣ በአንድ ቀን። ፊላው ከያዘ በኋላ ከእነዚያው ሁለት ቦታዎች ድገሙት። የመጀመሪያው ውጤት ከሌላችሁ በኋላ ምኑን ከምን ታወዳድራላችሁ?