ሃዋይ ከእናቴና ከልጆቼ ጋር፦ የትኛውን ፓርክ አስቀድሜ ልያዝ? ምንስ ልናግዝ እንችላለን?

ጥያቄ (ተጓዥ እናት)

ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት ወር በኋላ እናቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ሃዋይ እሄዳለሁ። አምስት ቀን ኦአሁ ደሴት፣ አምስት ቀን ካዋይ ደሴት ነን። ልጆቹ 9 እና 12 ዓመታቸው ነው። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ ዳገት አይሆንላትም።

ከዓመታት በፊት ማዊ ደሴት ላይ ሃሌአካላ ተራራ ወጥቼ ነበር። ጫፉ 3,055 ሜትር ነው። እዚያ ቅጠሉ እንደ ብር የሚያበራ ተክል አየሁና ፎቶ ላነሳ ከመንገዱ ወጥቼ ተጠጋሁት። የፓርኩ ጠባቂ (ሬንጀር) ጠራችኝ። አልተቆጣችም፤ ቀስ ብዬ እንድመለስ ነገረችኝና አስረዳችኝ። አሂናሂና ይባላል። የዚያ ተራራው ዓይነት ሌላ የትም አይበቅልም። ለአሥርት ዓመታት ያድግና አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል። ሥሩ ላይ ላዩን ስለሚሄድ በዙሪያው የሚረግጥ ሰው ይጨፈልቀዋል። እኔ ተክሉን በጣቴ እንኳ አልነካሁትም፤ ግን ሥሩ ላይ ቆሜ ነበር። እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

አሁን ልጆቼን ይዤ ስሄድ ያንን መድገም አልፈልግም። አስቀድሜ ቦታ መያዝ ያለብኝ የትኛው ጋ ነው? ልጆቹስ ከማየት አልፈው በእጃቸው የሚያግዙት ሥራ ይኖራል?

መልስ (ኦአሁ ነዋሪ)

እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ አለኝ። እዚህ ስለ ፓርክ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ስለ ፎቶ ነው የሚጠይቀኝ።

ካዋይ ላይ መጀመሪያ ሃኤና የሚባለውን ፓርክ ያዢ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኤፕሪል ላይ የደሴቲቱን ሰሜን ከባድ ዝናብ መታው። በ24 ሰዓት ብቻ ከ1.2 ሜትር በላይ ነው የወረደው! መንገዱ ተናደ፣ ፓርኩ ከአንድ ዓመት በላይ ተዘጋ። በ2019 ሲከፈት በቀን ከ900 ጎብኚ በላይ እንዳይገባ ተወሰነ። ከውጭ የሚመጣ ሰው ቦታ ሳይዝ አይገባም። ምዝገባው የሚከፈተው ከ30 ቀን በፊት ነው፤ የመኪና ማቆሚያው ደግሞ ወዲያው ያልቃል። ካመለጠሽ ወደ ፓርኩ በሚመላለሰው አውቶቡስ (ሻትል) ሞክሪ።

ኦአሁ ላይ ዳይመንድ ሄድ የሚባለው ተራራም ከ2022 ጀምሮ ለእንግዳ በምዝገባ ሆኗል። መውጫው 1.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ደረጃው ብዙ ነው፤ ለእማማ ይቅርባቸው። እሳቸውን ኑኡአኑ ፓሊ ወደሚባለው የገደል መመልከቻ ውሰጃቸው። መኪናው አጠገቡ ይደርሳል፤ ነፋሱ ግን ኃይለኛ ነውና ነጠላቸውን ያጥብቁ። በ1795 ንጉሥ ካሜሃሜሃ ኦአሁን የያዘበት ጦርነት የተካሄደው እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ለልጆቹ ንገሪያቸው። ካዋይ ላይ ደግሞ የዋይሜአን ሸለቆ ከመኪና ወርዶ ማየት ይቻላል።

ስለ እገዛው ትንሽ ልዘርዝር። እኔ በወር አንድ ቅዳሜ ጫካ ውስጥ አረም ነቀላ እሄዳለሁ። ዋናው ጠላታችን ቀዩ ዘይቱን (ስትሮቤሪ ጓቫ) ነው። ከብራዚል የመጣ ነው፤ ፍሬው ይጣፍጣል፣ ወፍና አሳማ በልተው ዘሩን በየቦታው ይበትኑታል። ግንዶቹ ተጠጋግተው ይበቅሉና የአገሩ ተክል ችግኝ ብርሃን ያጣል። የመጀመሪያ ቀኔ ጉልበቴን ተማምኜ ችግኙን ከመሬት በላይ ቀነጠስኩት። በወሩ ስመለስ ከዚያው ጉቶ አራት ቀንበጥ ወጥቶ ጠበቀኝ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው አሳዩኝ፦ መጀመሪያ አፈሩን ታላላለህ፣ ከዚያ ከነሥሩ ትስበዋለህ። «ማላማ» ይሉታል፤ መንከባከብ ማለት ነው። እሳቸው ይህን ቃል ሲሉ ሁልጊዜ እጃቸው አፈር ውስጥ ነው።

ካዋይ ላይ ኮኬኤ ጫካ ውስጥ በጎ ፈቃደኞችን የሚያሠማራ ቡድን አለ። ልጆችሽ ዕድሜያቸው ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድመሽ ጻፊላቸው። ግማሽ ቀን ይበቃል።

መልስ (ከትልቁ ደሴት)

ከላይ በተባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጫማ! ኦሂአ የሚባል ቀይ አበባ ያለው ዛፍ አለን። አዲስ ላቫ ላይ ቀድሞ ሥር የሚሰደው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ፈንገስ እየገደለው እንደሆነ ታወቀ። በግንዱ ቁስል ገብቶ የውሃውን መንገድ ይዘጋል፤ ከዚያ ቅጠሉ በአጭር ጊዜ ይደርቃል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዛፍ ሞቷል። ከቤቴ ጀርባ የነበሩት ሦስቱ ቆመው ደርቀዋል፤ በየጠዋቱ አያቸዋለሁ። ፈንገሱ ካዋይም ኦአሁም ደርሷል።

ከአፈር ጋር ስለሚጓዝ በየመንገዱ መግቢያ ብሩሽ ተቀምጧል። አትለፉት። ጭቃውን ከሶሉ ጥርስ ውስጥ አውጡ፣ ከዚያ 70 በመቶ አልኮል ርጩበት። ቅርንጫፍ አትስበሩ፣ አበባውንም አትቀንጥሱ። ልጆች ጠጠር ኪሳቸው እንዳይከቱም ተቆጣጠሪ።

ሰማዩ ተራራው ላይ ከጠቆረ ደግሞ ወንዝ አትሻገሩ። እናንተ ጋ ፀሐይ እያለ ጎርፉ ከላይ ይደርሳል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሃኤና ምዝገባ ስልኬ ላይ ማስታወሻ አድርጌያለሁ። ብሩሽ ደግሞ ለእያንዳንዳችን ገዛሁ። እናቴ መንገዱን ሳትሄድ መመልከቻው ላይ ብቻ ብትወርድስ፣ የእሷም ጫማ መጽዳት አለበት?

መልስ (ከትልቁ ደሴት)

አዎ፣ የሳቸውም። አፈር ከረገጡ በቂ ነው። ግን ጎንበስ እንዳይሉ ወንበር ላይ አስቀምጪያቸውና ልጆቹ ይፈትጉላቸው።