የእድር መዝገብ ሶፍትዌር፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን ውይይት

ሰብሳቢ፦ እሺ ልጆች፣ ፕሮፖዛሉ የሚገባው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። በእጃችን ያለው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ላለ አንድ እድር የሒሳብ መመዝገቢያ እንሠራለን።» ስድስት ነን፣ ያለን አንድ ሴሚስተር ነው። ሐሳባችሁን እዚሁ ጻፉ፣ ረቂቁን እኔ አሰባስባለሁ። አደራ፣ «አሪፍ ነው» ብቻ ብሎ ማለፍ የለም።

ፍሮንትኤንድ (ተጠቃሚው የሚያየውን ገጽ የሚሠራው)፦ የአንድሮይድ አፕ ይሁን። በቴሌብር መክፈያ ይኑረው። ሰው ሲሞት ለእድርተኛው ሁሉ መልእክት ይላክ። የድንኳንና የወንበር ምዝገባም ይግባበት። እንዲህ ካልሆነ ዴሞ ላይ ማን ዞር ብሎ ያየናል?

ሞካሪ፦ ወንድሜ፣ በአንድ ሴሚስተር? አምና እኔ የነበርኩበት ቡድን ልክ እንዲህ ብሎ ነው የጀመረው። ሁሉም በየላፕቶፑ ሲሠራ ከርሞ ኮዱን የገጣጠምነው በማስረከቢያው ዋዜማ ሌሊት ነው። ሎግኢኑ ሲሠራ መዋጮው ይጠፋል፤ መዋጮው ሲመጣ ሎግኢኑ ይሞታል። ሲጨንቀን ሁለት ልጆች ለእርዳታ ጠራን። ለእነሱ ስናስረዳ ነጋ። የአይቢኤምን ትልቅ ሲስተም ሥራ ይመራ የነበረው ፍሬድ ብሩክስ በ1975 እ.ኤ.አ. የጻፈው ይኸንኑ ነው፦ የዘገየ ሶፍትዌር ላይ ሰው ሲጨመር የባሰ ይዘገያል። ቀድመን አንብበነው ቢሆን ቢያንስ እንተኛ ነበር።

መረጃ ሰብሳቢ፦ እኔ ዝም ብዬ ሄጄ መጣሁ። ቅዳሜ ገንዘብ ያዧ ቤት ነበርኩ። ቡናው እስኪፈላ ደብተሩን አገላበጥኩ። ጠንካራ ልባስ ያለው ትልቅ ደብተር ነው። በግራ ስም፣ ከዚያ አሥራ ሁለት ወር በማስመሪያ ተሰምሯል። የከፈለ ሰው ሳጥን ውስጥ የደረሰኙ ቁጥር ይጻፋል፣ ቅጣት በቀይ። አንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ግን በእርሳስ ትንሽዬ «ል» አለች። ምንድን ናት ማዘር ብላቸው «ልጁ ይከፍላል ማለት ነው» አሉኝ። አባትየው አልጋ ይዘዋል፣ ልጃቸው አዳማ ሆኖ ሲመቸው ይልካል። ደንቡ ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል ይላል። እሳቸው «ል» ያለበትን ሰው አይሰርዙም። ኮሚቴውም ያውቃል፣ ማንም አንስቶት አያውቅም።

ስለ አፑ ስነግራቸው ሳቁ። «መቀበሉ አይደለም የሚያደክመኝ፤ ለጠቅላላ ጉባኤ ሒሳብ መዝጋቱ ነው። ሁለት ሌሊት ስደምር ነው የማድረው» አሉ።

ሰብሳቢ፦ በቃ፣ ሥራችን እሱ ነው። መመዝገብና ሒሳብ መዝጋት። ቴሌብሩም መልእክቱም ይቆይ።

ፍሮንትኤንድ፦ ታዲያ ኤክሴል አይበቃቸውም? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

መረጃ ሰብሳቢ፦ ተሞክሯል። የጎረቤት ልጅ ሠርቶላቸው ነበር። አንድ ቀን አንድ ረድፍ ጠፋ፣ ድምሩ ተዛባ፣ ማን እንደነካው አልታወቀም። ወደ ደብተሩ ተመለሱ። ደብተር ላይ ሲሠርዙ ስርዙ ይታያላ!

ባክኤንድ (ከገጹ ጀርባ መረጃውን የሚይዘውን ክፍል የሚሠራው)፦ እኛም እንደዚያው እናድርግ። አንዴ የገባ ክፍያ አይጠፋም። ስህተት ከሆነ የሚያፈርስ ሌላ መስመር ይጨመራል፣ ሁለቱም ከነቀናቸው ይታያሉ። ሒሳብ ሠራተኞችም የሚያርሙት እንዲህ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ መዋጮው በዓመት 12 ጊዜ ነው፣ ዓመታችን ግን 13 ወር። ጳጉሜን 3 የከፈለ ሰው የነሐሴን ነው ወይስ የመስከረምን? ጳጉሜን ራሷ አብዛኛውን ጊዜ 5 ቀን ናት፤ በ2015 ግን 6 ነበረች፣ በ2019ም 6 ትሆናለች። ስለዚህ «የተከፈለበት ቀን» እና «የሚከፈልለት ወር» ለየብቻ ይቀመጡ። ሁለተኛ፣ ስም ፍለጋ። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደላትን የሚለዩበት ዓለም አቀፍ የቁጥር ሥርዓት) ፊደላችንን ከያዘ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ሦስት የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበውን «ሀይሉ» ብሎ የፈለገ አያገኘውም። ሲፈለግ ብቻ ወደ አንድ እንመልሳቸዋለን፤ የተጻፈው ስም ግን አይነካም። ሰው በስሙ ፊደል ይጣላል።

ሞካሪ፦ መብራትም ኔትወርክም ሲሄድ መሥራት አለበት። እሳቸው ላፕቶፕ ላይ፣ በኤስኪውላይት (መረጃውን እዚያው ላፕቶፑ ላይ በሚያስቀምጥ ዳታቤዝ)፣ ኮፒው በፍላሽ። አንተ ደግሞ፣ ደብተሩን ፎቶ አንስተሃል እንዴ?

መረጃ ሰብሳቢ፦ አራት ገጽ። ለዲዛይኑ ብዬ ነው።

ሞካሪ፦ አጥፋው። ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳልከፈለ ያለበት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አዋጁ ባይኖርም ነውር ነው። መሞከሪያ ስሞችን እኔ ፈጥሬ አመጣለሁ።

መረጃ ሰብሳቢ፦ ጠፍቷል።

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ ይኸው፦ «ለአንድ እድር ገንዘብ ያዥ የሚያገለግል፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መመዝገቢያ። አባልን፣ መዋጮንና ቅጣትን ይይዛል፤ የሩብ ዓመቱን ሒሳብ ደምሮ ለማተም ያዘጋጃል። በየሁለት ሳምንቱ የተሠራውን ወስደን ለእሳቸው እናሳያለን።» ኮዱን በተመለከተ፦ ሁሉም በየብራንቹ (በየራሱ የኮዱ ቅጂ)፣ ሌላ ሰው ሳያየው መርጅ (ከዋናው ኮድ ጋር ማዋሐድ) የለም፣ ዐርብ ዐርብ ሁሉም ይገጣጠማል። የአምናው ሌሊት አይደገምም።

ፍሮንትኤንድ፦ ደብተሩስ ይቀራል?

ሰብሳቢ፦ አይቀርም። አንድ ሩብ ዓመት ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ድምሩ ከተለያየ እኛ ነን የተሳሳትነው ብለን እንጀምራለን።

ባክኤንድ፦ «ል»ንስ ምን ላድርጋት? «የክፍያ ማራዘሚያ» የሚል አማራጭ ላስገባ? ምክንያትና የኮሚቴ ፈቃድ የሚጠይቅ?

መረጃ ሰብሳቢ፦ ተው፣ ፈቃድ ከጠየቅካቸው እኮ ጉባኤ ላይ ሊነሳ ነው። ሰውየው ሊሰማ ነው።

ሰብሳቢ፦ «ል» ብቻ በላት።