«ገዝቼ ተገላገልኩ»፦ የድሬ ሙዚቀኞች ክርክር በሶፍትዌር መሣሪያ ግዢና ወርሃዊ ክፍያ ላይ

ባስ ከዚራ፦
ትናንት እዚህ ግሩፕ አንድ ልጅ የጻፈውን አንብቤ ደሜ ፈላ። «በዚህ ዘመን ቨርቹዋል ኢንስትሩመንት (ኮምፒውተር ላይ የሚጫን የሙዚቃ መሣሪያ) መግዛት ብር ማቃጠል ነው። በወር ትንሽ ትከፍላለህ፣ ሁሉንም ታገኛለህ» ይላል። ላይኩ ደግሞ ጉድ ነው። አቦ፣ «ትንሽ» የሚባለው በማን ኪስ ነው? እኔ ሴረም የሚባለውን ሲንዝ (ድምፅ መፍጠሪያ ሶፍትዌር) በ189 ዶላር ገዛሁ። አንዴ ከፈልኩ፣ ገዝቼ ተገላገልኩ። በፈረንጅ 2025 ሴረም 2 ሲወጣ የድሮ ገዢ በነጻ ይውሰድ ተባለ፣ ወሰድኩ። እናንተ በየወሩ የምትገፈግፉት ነገ መክፈል ብታቆሙ እጃችሁ ላይ ምን ይቀራል?

ሳቢያን ቢትስ፦
«አንድ ልጅ» እኔ ነኝ። ስሜን ብትጠራኝ አልቀየምም ነበር። እጄ ላይ የሚቀረው ዘፈኑ ነው። ዘፋኙ የሚከፍለኝ ለቅንብሩ እንጂ ላይሰንሴን አይቶ አይደለም። ለአንድ ሲንዝ 189 ዶላር ካወጣሁ ለስትሪንጉ፣ ለብራሱ፣ ለከበሮው ምን ይተርፈኛል? ኮምፖዘር ክላውድ የሚባለው የወርሃዊ ክፍያ ጥቅል ውስጥ ኦርኬስትራውም ኳየሩም አለ። ሥራ ሲመጣ እከፍላለሁ፣ ሥራ ሲጠፋ አቋርጣለሁ። ደግሞ ያ የምትኮራበት ሴረም ራሱ ስፕላይስ የሚባል ድረ ገጽ ላይ በወር 9.99 ዶላር ይከፈል ነበር፣ ዋጋው ሲሞላ ያንተው ይሆናል። ይኼ ግዢ ነው ኪራይ?

ደቻቱ ሚክስ፦
እኔ አንድ ቃል ላይ ቆሜ ቀረሁ። «ተገላገልኩ።» ከምኑ ነው የተገላገልከው ወንድሜ? (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው።) በ2019 የማክ ኮምፒውተር አዲስ ሲስተም ካታሊና ሲወጣ 32 ቢት የነበረውን (የድሮውን) ፕለጊን፣ ማለትም በሙዚቃ ፕሮግራም ውስጥ የሚከፈተውን ሶፍትዌር፣ በሙሉ አልከፍትም አለ። አልኬሚ የሚባለውን ሲንዝ ይሠራ የነበረው ካምል ኦዲዮ በ2015 መጀመሪያ ሱቁን ዘጋ፣ አፕል ወሰደው፣ አልኬሚ ከዚያ ወዲህ እንደ ሎጂክ ባሉ የአፕል ሙዚቃ ፕሮግራሞች ውስጥ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ላይ የገዛው ሰው የድሮዋን አቅፎ ቀረ። ኬክዎክ በ2016 ሶናር የሚባል የመቅጃ ፕሮግራሙን ለገዙ «አንዴ ክፈሉ፣ አፕዴቱ የዕድሜ ልክ ነው» አለ። በ2017 መገባደጃ ባለቤቱ ጊብሰን ሥራውን አቆመው። የማን ዕድሜ ነበር?

ባስ ከዚራ፦
በፈረንጅ 2018 ባንድላብ የሚባል ኩባንያ ሶናርን ገዝቶ በነጻ እንደለቀቀው ለምን ዘለልከው? ደግሞ የሞተ ኩባንያ ፕለጊን በድሮ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። የሞተ ሰብስክሪፕሽን በየትኛው ላፕቶፕ ይሠራል?

ደቻቱ ሚክስ፦
እንግዲህ መገላገል ማለት ላፕቶፕ ማስታመም ከሆነ እግዚአብሔር ያበርታህ።

ነጭ ኖት፦
ስለ ፕለጊን ሠሪው ዌቭስ እስካሁን ማንም አላነሳም። በመጋቢት 2015፣ በፈረንጅ 2023፣ «ከእንግዲህ ሽያጭ የለም፣ ሰብስክሪፕሽን ብቻ» ብሎ አወጀ። የዓለም ስቱዲዮ ሁሉ ተንጫጫ። ሳምንት ሳይሞላ ይቅርታ ጠይቆ ሽያጩን መለሰ። መግዛት ብር ማቃጠል ከሆነ ያ ሁሉ ባለሙያ ለምን ጮኸ? የመግዛት አማራጩ ሲነጠቅ ነው የሚያመው። ያለውን ማን ይቃወማል?

ሳቢያን ቢትስ፦
ዌቭስ የገዛ ሰውም እኮ አፕዴት ለማግኘት በየዓመቱ ይከፍላል። ታዲያ «ገዝቶ ተገላገለ»?

ባስ ከዚራ፦
አፕዴት ካልፈለገ አይከፍልም! የገዛው ቨርሽን አይዘጋበትም! ይኼ እንዴት አይገባህም?

ሳቢያን ቢትስ፦
ዋሪያ ቀስ በል፣ በረንዳ ላይ አይደለንም። በባጃጅ ከሳቢያን ሰፈር እስከ ከዚራ ለመሄድ ባጃጅ መግዛት አለብኝ ወይ? እኔ የምለው ይኼን ብቻ ነው።

ፋፊ ድሬ፦
ባጃጁ ስትወርድ ዕቃህን ይዞብህ አይሄድም። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

እኔ ቆይቼ ነው የምጽፈው፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። ሁላችሁም በዶላር ታወራላችሁ። እኔ የምከፈለው በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት ባንክ ላይ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ከእጥፍ አልፏል። ያኔ 10 ዶላር ማለት 570 ብር ነው። ኩባንያው አንድ ሳንቲም ሳይጨምር የእኔ የወር ሒሳብ ግን እጥፍ ሆነ። የሰርግ ዋጋዬን እጥፍ አድርጌ የሚከፍለኝ ሙሽራ አላገኘሁም። ያኔ የገዛሁት ላይብረሪ (የድምፅ ስብስብ) ግን በያኔው ብር ተዘግቷል፣ ከእንግዲህ ማንም አይነካውም።

ሁለተኛው ካርዱ ነው። ቴሌብር አይቀበሉም። እኔ የምከፍለው ጅቡቲ ባለች የአክስቴ ልጅ ካርድ ነበር። ካርዷ ጊዜው አለፈና አዲስ አወጣች፣ ቁጥሩ ተቀየረ። እሷም ረሳች፣ እኔም አላወቅሁም። አንድ ቀን ደንበኛ ስቱዲዮ መጥቶ የተጋመሰውን ሥራ ከፈትኩለት። ትራኮቹ በቀለም በቀለማቸው አሉ። ኖቶቹ ተደርድረዋል። ፕሌይ ስለው መስመሩ ይሄዳል፣ ከበሮው ብቻ ይመታል። ብራሱ የለም፣ ስትሪንጉ የለም፣ ስክሪኑ ላይ «ግባና ክፈል» የሚል ሳጥን ወጣ። ሰውዬው ከኋላዬ ቆሞ «እህቴ፣ ይኼ ነገር ድሮ ይሰማ ነበር እኮ» ይለኛል። የኩባንያውን ስም አልጠራም፣ ሁሉም ያው ነው።

ሳቢያን ቢትስ፦
ፋፊ፣ ሐዘንሽ ይገባኛል። ግን ይኼ የሰብስክሪፕሽን ጥፋት አይደለም። ያለቀ ትራክ ወዲያው ባውንስ መደረግ፣ ማለትም ወደ ድምፅ ፋይል መቀየር አለበት። ኦዲዮ ካስቀመጥሽ ፕለጊኑ ኖረ ሞተ ምን አገባሽ?

ፋፊ ድሬ፦
«ያለቀ» አላልኩም፣ «የተጋመሰ» ነው ያልኩት። ደሞ ድሬ ውስጥ ያለቀ ዘፈን አይተህ ታውቃለህ? ከዓመት በኋላ መጥቶ «ድምፄ ወርዷል፣ ግማሽ ቶን ዝቅ አርጊልኝ» ይላል። ባውንስ የተደረገ ብራስ ዝቅ ስታደርገው ሳክስፎኑ የታመመ በሬ ይመስላል። ሚዲው (የኖቱ ፋይል) በእጄ እያለ መሣሪያው መዘጋት የለበትም።

ደቻቱ ሚክስ፦
እዚህ ላይ ከፋፊ ጋር ነኝ። ከባስ ከዚራ ጋር ግን አይደለሁም፣ እሱ አሁንም እንደተገላገለ ነው።

ጋሽ ኮርግ፦
ልጆች፣ ሰላም ናችሁ? ይኼ ሁሉ ጣጣ ለምንድነው? እኔ ኤም1 ኪቦርዴን ይዤ ስንት ሰርግ አሳለፍኩ። ኮርግ በፈረንጅ 1988 ያወጣው ዕቃ ነው። ሶኬቱን ትሰካለህ፣ ይጫወታል። ፓስወርድ አይጠይቅም፣ ጅቡቲ ስልክ አያስደውልም።

ደቻቱ ሚክስ፦
ጋሼ፣ ሰላም ኖት? ከይቅርታ ጋር፣ ኤም1 ውስጥ ያለችው ክብ ባትሪ ስታልቅ ራስዎ ያስቀመጡት ሳውንድ ሁሉ ይጠፋል። መቼ ነው ያስቀየሯት?

ጋሽ ኮርግ፦
አስቀይሬያለሁ። አንድ ጊዜ። ልጄ፣ የባትሪ ዋጋና የእናንተን ክፍያ ታወዳድራለህ?

ሳቢያን ቢትስ፦
ጋሼ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ዛሬ የኤም1 ፒያኖ ይዤ ብሄድ «የድሮ ነው» ብለው ይመልሱኛል።

ጋሽ ኮርግ፦
ጣትህን አስተካክል፣ ማንም አይመልስህም።

ጀጎል፦
ከሐረር ነኝ፣ ልግባበት። ሁለታችሁም የምትጣሉበት ዕቃ ውስጥ የእኛ ድምፅ የለም። በወር ክፈል፣ በአንዴ ክፈል፣ ከረቡና ከበል (የሐረሪ ከበሮና የእንጨት ማጨብጨቢያ) የት አለ? እኔ ከረቡውን አያቴ ጌ ጋር (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) ውስጥ ራሴ ቀዳሁት። መካከሉን፣ ጠርዙን፣ በመዳፍ፣ በጣት፣ ቀስ ተብሎ፣ ጠንከር ተብሎ። ከበሉን ለብቻው። ልክ ጥሩው ሲመጣ ውጭ ባጃጅ ጥሩምባ ይነፋል፣ እንደገና። አንዱ ፋይል ላይ አያቴ «አልበቃህም?» ስትል ይሰማል፣ አላጠፋሁትም። አሁን ኪቦርድ ላይ ዚክሪ (የሐረሪ መንፈሳዊ ዜማ) ስመታ የራሴ ነው። ማንም አይዘጋብኝም።

ነጭ ኖት፦
ጀጎል፣ በምን ነው የሠራኸው? ኮንታክት ሳምፕለር (የተቀዳ ድምፅ ማጫወቻ ሶፍትዌር) ላይ?

ጀጎል፦
መጀመሪያ ኮንታክት ፕሌየር ላይ ሞከርኩ፣ ነጻ ስለሆነ። ላይሰንስ ያልተሰጠው ላይብረሪ ከሆነ ግን 15 ደቂቃ ሠርቶ ዝም ይላል። ሙሉው ኮንታክት ያስፈልጋል፣ እሱ በገንዘብ ነው። ዲሰንት ሳምፕለር ላይ አዞርኩት፣ ነጻ ነው፣ አይዘጋም።

ነጭ ኖት፦
እኔም ማሲንቆ ላይ ተመሳሳይ ነገር ገጠመኝ። አንቺሆዬን ፒያኖ ቅኝት ውስጥ አስገድደህ ካስገባኸው ሌላ ነገር ይሆናል። ቅኝቱን እንዲቀይር የሚፈቅድ ሳምፕለር ያስፈልጋል። ከዋጋው ይልቅ መጀመሪያ የምጠይቀው ይኼን ነው።

ሳቢያን ቢትስ፦
ጀጎል ከረቡውን ላክልን።

ጀጎል፦
ግዛ። አንዴ።

ታይዋን ኮምፒውተር፦
እኔ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አሁን ግን ሳቄ መጣ። «ገዛሁ»፣ «በወር እከፍላለሁ» ትላላችሁ። ከናንተ ውስጥ ላፕቶፑን ታይዋን ገበያ አምጥቶ ያላስጫነብኝ ማነው? ፍላሽ ይዤ የጫንኩላችሁን ሰዎች ስም ላውጣ?

ባስ ከዚራ፦
አውጣ! እኔን አታገኘኝም።

ታይዋን ኮምፒውተር፦
ሴረምን አይደለም። ኪዩቤዙን፣ የመቅጃ ፕሮግራሙን ነው የምለው።

ባስ ከዚራ፦
እሱ ድሮ ነው።

ደቻቱ ሚክስ፦
ሃሃሃ፣ በነጻ ተገላገለ!

ነጭ ኖት፦
ቀልዱ እንዳለ ሆኖ፣ የራሳችን ዘፈን ያለ ፈቃድ ሲባዛ አዋጅ 410/1996ን እየጠቀስን የምንጮኸው እኛው ነን። ሶፍትዌሩም በዚያው በቅጂ መብት ሕግ ውስጥ ነው። ክራክ (የተሰረቀ ሶፍትዌር) የሚጭን ሰው ስለ ሮያሊቲ ሲያወራ ከባድ ነው።

ታይዋን ኮምፒውተር፦
እህቴ፣ ዶላር ካርድ ስጪኝና እኔም ክራክ አልጭንም። አምራቹ ቴሌብር ይቀበል፣ ያኔ አዋጁን አንብቡልኝ።

ሳቢያን ቢትስ፦
ይኼው! ሰዉን ከክራክ የሚያወጣው ትንሽ በትንሽ መክፈል ነው። 200 ዶላር አውጣ ብትለው ታይዋን ነው የሚሄደው። ሎጂክ በአይፓድ በፈረንጅ 2023 ሲወጣ በወር 4.99 ዶላር ነበር። ማንም ሊችለው ይችላል።

ፋፊ ድሬ፦
አይፓዱ በስንት ነው?

ሳቢያን ቢትስ፦
እሱ ሌላ ጥያቄ ነው።

ባስ ከዚራ፦
ኤፍኤል ስቱዲዮ የሚባለውን የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም አንዴ ገዝተህ አፕዴቱ ሁሌ ነጻ ነው። ሥራ የጀመረበት በፈረንጅ 1997 ነው፣ ፍሩቲ ሉፕስ ሲባል ጀምሮ። ያ ኩባንያ በየወሩ ሳያስከፍል እንዴት ኖረ? «ሰብስክሪፕሽን ካልሆነ ኩባንያው ይከስራል» የምትሉት ተረት ነው።

ሳቢያን ቢትስ፦
ኤፍኤል ላይ ደግሞ ማን ዘፈን ይሠራል፣ እሱ የልጆች ነው።

ባስ ከዚራ፦
ምን አልክ?

ጀጎል፦
እዚህ ደረስን። የኤፍኤልና የኪዩቤዝ ጦርነት ከተጀመረ እኔ ወጣሁ፣ ቡና ተፈልቷል።

ፋፊ ድሬ፦
ሳትወጣ አንድ ነገር። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ መቆየቱን ታስታውሳላችሁ? በየተወሰነ ቀን ሰርቨር ካላገኘ የሚዘጋ ፕለጊን ያለው ሰው ያን ጊዜ ምን ይሠራል? ከፍሎ እንኳ አይሠራለትም። ሳቢያን ቢትስ፣ ይኼን መልስልኝ።

ሳቢያን ቢትስ፦
የተገዛውም አክቲቬሽን ይፈልጋል።

ፋፊ ድሬ፦
አንዴ። አንዴ ነው የሚፈልገው። በየወሩ አይደለም።

ደቻቱ ሚክስ፦
ላፕቶፑ ሲበላሽስ? እንደገና አክቲቬት ማድረግ የለም? ሃርድ ዲስክ ሲቃጠል ተገላጋዩ ሁሉ ኢሜይሉን ሲፈልግ ነው የማየው። «ሲሪያል ነምበሬ የት አለ፣ ፓስወርዴ ምን ነበር።» ድሬ ሙቀት ላይ ላፕቶፕ ስንት ዓመት ይቆያል?

ባስ ከዚራ፦
አንተ ሰውዬ ያን ቃል መቼ ነው የምትለቀው?

ደቻቱ ሚክስ፦
ስትመልስልኝ።

ነጭ ኖት፦
እሺ፣ ሥራ ላይ የሚጠቅም ነገር ላንሳ። ለዋናው ሥራ ማለትም ለፒያኖ፣ ለባስ፣ ለአንድ ሲንዝ፣ ሰው ይግዛ ወይም ነጻውን ይያዝ። ቫይታል የሚባለው ሲንዝ ነጻ አለው፣ የስፒትፋየር ላብስ የድምፅ ስብስብም ነጻ አለው። ትልቅ ኦርኬስትራ የሚያስፈልገው አንድ ሥራ ከመጣ የአንድ ወር ይክፈል፣ ስትሪንጉን ኦዲዮ አድርጎ ይዝጋው፣ ዋጋውንም ከደንበኛው ላይ ያስብ። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው።

ሳቢያን ቢትስ፦
እኔ ከመጀመሪያው ያልኩት እኮ ይኼንን ነው።

ባስ ከዚራ፦
አንተ ያልከው «መግዛት ብር ማቃጠል ነው» ነው። ከላይ ተጽፏል፣ ወጥተህ አንብብ።

ታይዋን ኮምፒውተር፦
አምስት ሆነን አንድ አካውንት ብንከፍትስ? አንዱ ዲያስፖራ ዘመድ ይክፈል፣ እኛ በብር እናዋጣ።

ነጭ ኖት፦
ላይሰንሱ ለአንድ ሰው ነው። ደግሞ አንዳንዱ ሁለት ሰው እኩል ሲከፍት አንዱን ያስወጣዋል።

ፋፊ ድሬ፦
ቅዳሜ ሁላችንም ሰርግ አለብን። ቅዳሜ ማን ነው የሚወጣው?

ታይዋን ኮምፒውተር፦
በዕጣ።

ጋሽ ኮርግ፦
ለቅዳሜ ኤም1 ነጻ ነው፣ የፈለገ ይምጣ። መኪና ይዞ ይምጣ ግን፣ ባጃጅ ላይ አልጭንም።

ደቻቱ ሚክስ፦
ጋሼ፣ በወር ነው በቀን ነው የሚያከራዩት?