ኤክሴል መቶኛውን እያዛባብኝ ነው፣ ነገ ጠዋት ማስረከብ አለብኝ!

ሰናይት፦ ቤተሰብ ድረሱልኝ! የታይታኒክን ዳታ በፒቮት (በኤክሴል ማጠቃለያ ሠንጠረዥ) እየሠራሁ ነው። ከ1ኛ ማዕረግ የተረፉት 9.2% ይለኛል። መምህራችን የሰጠን ወረቀት ላይ 62.5% ነው። ዘግቼ ከፈትኩት፣ ያው ነው። ኤክሴሉ ተበላሽቶ ይሆን?

አያ ሙሌ፦ መርከቡም ሰጠመ፣ ኤክሴሉም ሰጠመ በይኛ!

ጋሽ ቁጥሬ፦ የዘንድሮ ተማሪ ሳያስብ ነው የሚጫነው። ስሚኝ ልጄ። ጠርዝ ላይ ያለው ድምር ማርጂናል ነው፦ ከ2201 ሰው 711 ተረፈ፣ 32.3%። ኮንዲሽናል ደግሞ አንዱን ረድፍ ለብቻው ይዘሽ የምታወጪው ነው። የየረድፉን መቶኛ ከ32.3 ጋር አስተያዪ። ሁሉም እዚያው አካባቢ ቢሆኑ ኖሮ ማዕረግና መትረፍ አይገናኙም እንል ነበር። እኛ ይህን በእርሳስ ነበር የምንሠራው።

ናቲ፦ ኤክሴሉ ጤነኛ ነው። 203ን ለ2201 ስታካፍዪ 9.2 ይሆናል፣ ለ325 ስታካፍዪ 62.5። ግራንድ ቶታል (የሁሉም ሰው ድምር) ላይ ነሽ። ቁጥሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ሾው ቫልዩስ አዝ»፣ ከዚያ «ፐርሰንት ኦፍ ሮው ቶታል» (ከረድፉ ድምር ስንት በመቶ)። ማዕረጉ በረድፍ ከተቀመጠ ነው ታዲያ።

ሰናይት፦ ኮለም ቶታል (የዓምዱን ድምር) አደረግኩት። ከተረፉት ውስጥ የመርከቡ ሠራተኛ 29.8% ሆነ፣ ከሁሉም ይበልጣል! «ሠራተኞቹ ራሳቸውን አዳኑ» ብዬ ልጻፍ?

ናቲ፦ ኧረ እንዳትጽፊ! ሮው አልኩሽ እኮ። ሠራተኛው 885 ሰው ስለሆነ ነው የበዛው። በረድፉ 24.0% ብቻ ነው የተረፈው፣ 3ኛ ማዕረግ እንኳ 25.2% ነው።

ቤቲ፦ ራይት ክሊክ፣ ሾው ቫልዩስ አዝ፣ ሮው ቶታል። በጣም ቀላል ነው።

አያ ሙሌ፦ ቤቲ ዛሬም ካለቀ በኋላ መጣች።

ዳዊት ዘ4 ኪሎ፦ እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። ፆታን ትቶ ማዕረግ ብቻ ማወዳደር ምን ይባላል? ከሠራተኛው 862ቱ ወንዶች ናቸው። ለይታችሁ እዩት፦ ከሠራተኛ ወንዶች 22.3% ተረፉ፣ ከ3ኛ ማዕረግ ወንዶች 17.3%። ሴቶቹ 87.0% በ45.9%። በሁለቱም ሠራተኛው ይበልጣል፣ ሲደመር ግን ያንሳል። ፆታን ከማዕረጉ ሥር ጨምሪና መምህርሽ ይደነቁ።

አያ ሙሌ፦ እኔ ግን ትኬቴን 1ኛ ማዕረግ ነው የምቆርጠው።

ዳዊት ዘ4 ኪሎ፦ ወንድ አይደለህ? እዚያ ከነበሩት 180 ወንዶች የተረፉት 62 ናቸው።

ናቲ፦ ሰናይት፣ ሮው ቶታሉ መጣልሽ? ስክሪንሾት ላኪ።